በ109ኛው ደቂቃ

ወርቃማ ጎል የሚሉት ሕግ ከእግር ኳስ በመውጣቱ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። የማያስታውሱት ወጣቶች ይኖራሉ፤ ዘጠናው ደቂቃ በእኩል ውጤት ካለቀ ጭማሪ ሰዓት ይጀመራል፣ በጭማሪው ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል፣ ጨዋታውም እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት ያበቃል። ኳሱ ወደ መሀል ሜዳ ተመልሶ አይጀመርም። የገባበት ቡድን «ገና ጊዜ አለን» ብሎ የሚነሣበት አንዲት ደቂቃ እንኳ አይሰጠውም። ከ2004 በኋላ ሕጉ ቀርቷል። (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ለአዋቂዎችም ከባድ ነበር፤ ጀርመኖች በ2003 የሴቶችን የዓለም ዋንጫ ከስዊድን እጅ የወሰዱት በእንዲህ ያለ ጎል ነው። ተሸናፊዎቹ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ሲሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህንን ያወቅሁት ኤድመንተን ነው።

ኤድመንተን ካናዳ ውስጥ፣ በአልበርታ ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት። ክረምቷን ላልቀመሰ ሰው መንገር ይከብዳል። ሐበሻ ብዙ አለን፤ በዓል በመጣ ቁጥር አዳራሽ የሚጠበው ማኅበረሰብ ነው። ለእኛ ደግሞ የከተማው ኮመንዌልዝ ስታዲየም ተራ ሜዳ አይደለም። በ2001 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያ ነው። በሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ደራርቱ ቱሉ አንደኛ፣ ብርሃኔ አደሬ ሁለተኛ፣ ጌጤ ዋሚ ሦስተኛ ሆነው የገቡት እዚያ ነው። ወርቁም ብሩም ነሐሱም ለእኛ! ያን ምሽት የፈረቃ ሥራውን ለጓደኛው ለውጦ ያልመጣ፣ ባንዲራ ያልለበሰ፣ ድምፁ ያልተዘጋ ሰው አላውቅም። ታክሲ የሚነዱት ታክሲያቸውን አቁመው መጡ። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ሦስት ሴቶች የሠሩትን ለማየት ያልወጣ አልነበረም።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ የሴት ልጆች ኳስ ወደዚያው ስታዲየም መጣ። ዕድሜያቸው ከአሥራ ዘጠኝ ያልበለጠ፣ ከአሥራ ሁለት አገር የተሰበሰቡ ቡድኖች። ፊፋ ለሴት ወጣቶች ያዘጋጀው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ይኸው ነበር። ለወንዶቹ ግን በ1977 ቱኒዚያ ላይ ነው የጀመረው። ለሴቶቹ እስኪደርስ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ከአፍሪካ የመጣችው ናይጄሪያ ብቻ ነበረች፤ ምድቧም ከአዘጋጇ ከካናዳ ጋር፣ እዚሁ ኤድመንተን ነበር።

እሁድ እሁድ ቡና የምንጠጣበት ቤት ወሬው በሙሉ የወንዶቹ ነበር። ኮሪያና ጃፓን ላይ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ገና ከአፍ አልወረደም፤ ሴኔጋል ፈረንሳይን እንዴት እንደረታች በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይተረካል። የእህቴ ልጅ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሰፈሯ ቡድን ትጫወታለች። አንድ እሁድ ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመችና፣ አማርኛዋን እየመረጠች፣ «ጋሼ፣ የናይጄሪያ ሴቶች እዚህ ሊጫወቱ ነው፤ እንሂድ?» አለች። ከትልልቆቹ አንዱ፣ ልጅ የሚወዱ ደግ ሰው ናቸው፣ ራሷን ዳበስ አድርገው «የልጆች ነው የኔ ልጅ፤ ዋናው ሲመጣ እንሄዳለን» አሏት።

በክፋት አልነበረም። ያመኑበትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን ንግግሩን አውቀዋለሁ። ቂርቆስ ሳድግ ታላቅ ወንድሜ ከሰፈር ልጆች ጋር የጨርቅ ኳስ ሲጫወት በረኛ ያደርገኝ ነበር። ጎበዝ በረኛ ነበርኩ፤ ይህን የምለው እሱም ስለሚመሰክር ነው። እሁድ ከሰዓት አባታችን እሱን አስከትሎ ስታዲየም፣ ካታንጋ፣ ይወስደዋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሸኛቸዋለሁ። «ስታድጊ» ይሉኛል። ሳድግ ደግሞ «አሁንማ ትልቅ ሴት ሆንሽ» ተባልኩ። ሴት ልጅ ኳስ የምትጫወትባት ዕድሜ በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መሀል ያለች ጠባብ መንገድ ናት፤ «ስታድጊ» እና «አደግሽ» ከግራና ከቀኝ ይጠብቧታል። ስለዚህ ልጅቷን «እኔ እወስድሻለሁ» አልኳት።

የምድቡን ጨዋታዎች እሷ ከቡድኗ ጋር ሄዳ አየች። እኔ የሌሊት ሥራ ነበረኝና አልቻልኩም። ካናዳ እያሸነፈች ስትሄድ ከተማው ቀስ በቀስ ነቃ። በሩብ ፍጻሜ እንግሊዝ ላይ ስድስት ጎል ገባ፣ አምስቱን ያገባችው ክሪስቲን ሲንክሌር የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። በግማሽ ፍጻሜ ብራዚልን በመለያ ምት አሸንፈው ሲያልፉ ስታዲየሙ ውስጥ ከሠላሳ ሰባት ሺህ በላይ ሰው ነበር። አዘጋጆቹ ይህን ያህል ሕዝብ ይመጣል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። የእህቴን ልጅ ከብራዚሎቹ ውስጥ ማን እንዳስደነቃት ስጠይቃት «አንዲት ትንሽዬ ግራኝ አለች፤ ኳሱ እግሯ ሥር ተኝቶ ነው የሚሄደው» አለችኝ። ማርታ ነበረች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ። ያን ጊዜ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ልጅቷ ግን አየቻት፤ ማንም ሳይነግራት፣ በዓይኗ።

ለፍጻሜው ካናዳና አሜሪካ ደረሱ። ቀኑ እሁድ፣ መስከረም 1 ቀን 2002፤ በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1994። ቀኑን በእኛ የማስታውሰው እናቴ ስለነበረች ነው። ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ እንቁጣጣሽን እዚህ ልታሳልፍ ነበር፤ የቀን መቁጠሪያዋን ከሻንጣዋ አውጥታ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። ቤት ብቻዋን ትተናት ልንሄድ አልሆነም። «ኳስ ነው እማዬ፣ ትደክሚያለሽ» ስላት «ልጆቹ የሚያለቅሱበትን ቦታ አላይም እንዴ?» አለች። የእህቴ ልጅ ስለ መለያ ምቱ ስትነግራት፣ የብራዚሎቹን እንባ ሰምታ ነበር።

ትኬታችን የልጅቷ አሠልጣኝ ዘንድ ነበር። ቡድኑ በጅምላ ገዝቶ በስታዲየሙ አንዱ በር ላይ ሊሰጠን ተቀጣጥረናል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድን። መጀመሪያ የመጣው ባቡር ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሚቀጥለውም። በሮቹ ተከፍተው ፊታቸውን የካናዳ ባንዲራ የተቀቡ ትንንሽ ሴት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይታያሉ፤ ይዘጋሉ፤ ይሄዳሉ። የእህቴ ልጅ ጥፍሯን ትበላለች። በመጨረሻ አንድ ባቡር ላይ ሦስታችንም ተጨፍልቀን ገባን። እናቴ የማታውቃት ልጅ መቀመጫዋን ለቀቀችላት፤ እናቴም ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። በቋንቋ አልተግባቡም፤ እስክንወርድ ድረስ ግን ሲስቁ ነበር።

በሩ ጋ ስንደርስ አሠልጣኙ የለም። በአንድ ቦታ ሁለት በር አለ፤ የተቀጠርነው የትኛው ላይ እንደሆነ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። እኔ ያኔ ሞባይል የለኝም። ስታዲየሙን መዞር ጀመርን። ኮመንዌልዝ ስታዲየምን በእግር ዞሮ ለማያውቅ፣ ስፋቱ ልክ የለውም፤ አጥሩ ያስኬዳችኋል፣ መልሶ ያዞራችኋል፣ ሰዉ ደግሞ በተቃራኒው እንደ ጎርፍ ይመጣል። የእናቴ አዲስ ጫማ ተረከዟን ላጠው። ከውስጥ የሕዝቡ ጩኸት ከፍ ሲል ልጅቷ እጄን ጥላ ትሮጣለች፤ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትሮጣለች። የእናቴ ጫማ ወልቆ፣ እሷ በካልሲ፣ እኔ ጫማውን ይዤ፣ ስንሄድ አንዲት ረጅም ሴት አስቆመችን።

ናይጄሪያዊት ናት። ሌጎስ ተወልዳ ኤድመንተን በነርስነት የምትሠራ። የአገሯን ልጆች ጨዋታ ሁሉ ተከታትላ፣ እነሱ ከወደቁ በኋላም ለፍጻሜው ለቤተሰቧ ትኬት ገዝታለች። «ወንዶቹ ልጆቼ አንመጣም አሉኝ፤ የሴት ኳስ ነው ብለው» አለችን። ሁለት ትኬት ተርፏታል። ገንዘብ ስሰጣት አልቀበልም አለች፤ የእናቴን ተረከዝ ጎንበስ ብላ አየችና ከቦርሳዋ ፕላስተር አውጥታ እዚያው፣ መሀል መንገድ ላይ፣ አሰረችላት። እናቴ ትከሻዋን ይዛ መረቀቻት። ሴትዮዋ አማርኛ አይገባትም፤ ምርቃት መሆኑ ግን ገብቷት «አሜን» አለች።

ትኬቱ ሁለት፣ እኛ ሦስት። ያን ጊዜ ነው የእህቴ ልጅ የቡድኗን ልጆች ያየችው፤ አሠልጣኙም እኛን ፍለጋ በሌላ አቅጣጫ ሲዞር ኖሯል። እሷ ከእነሱ ጋር ታች፣ ከሜዳው አጠገብ ገባች። እኛ ከናይጄሪያዊቷ ጋር ላይ ወጣን። «ሲያልቅ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ፣ እኔ እመጣለሁ» አልኳት።

ከደረጃው ጫፍ ብቅ ስንል ያየሁትን እስከ ዛሬ በደንብ መግለጽ አልችልም። አርባ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ አራት ሰው። ይህ ቁጥር በኋላ ታወጀ፤ በዚያች ሰዓት ግን ለእኔ ሰው የሌለበት ወንበር ፍለጋ ነበር፣ አላገኘሁም። ከዓመት በፊት እዚያው ቦታ ለደራርቱ ቆሜ ጮኬያለሁ፤ ደራርቱ ግን ያኔም የኦሎምፒክ ጀግና ነበረች፣ ዓለም ያውቃታል። እነዚህን ማን ያውቃቸዋል? ትናንት የሂሳብ ፈተና ሲፈተኑ የነበሩ ልጆች ናቸው። ካናዳ ካሰለፈቻቸው አንዷ፣ ካራ ላንግ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በረኛዋ ኤሪን ማክሊዮድ የተወለደችው ከኤድመንተን አጠገብ፣ ሴንት አልበርት ነው። የጎረቤት ልጅ ማለት ነው። እናቴ ቁልቁል አይታ «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አለችኝ። «የሁሉም» አልኳት፤ ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

ስለ ጨዋታው ብዙ አልልም። ዘጠናው ደቂቃ ያለ ጎል አለቀ። አሜሪካኖቹ ጠንካሮች ነበሩ፤ ኬሊ ዊልሰን፣ ሄዘር ኦራይሊ፣ አምበሏ ሊንዚ ታርፕሊ። በረኛዋ ኳስ በያዘች ቁጥር እጄ ራሱ ይጨብጣል፤ በረኛ የነበረ ሰው እጁ አይረሳም። ጭማሪው ሰዓት ከመጀመሩ በፊት ወደ ታች ሳይ የእህቴ ልጅ የተቀመጠችበት ቦታ ባዶ ነው። ጓደኞቿ አሉ፣ እሷ የለችም። መጸዳጃ ቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ጭማሪው ተጀመረ። አልተመለሰችም። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። አልተመለሰችም። ናይጄሪያዊቷ ፊቴን አይታ «ሂጂ፣ እናትሽን እኔ እይዛለሁ» አለችኝ።

ከወንበሮቹ ሥር ባለው ኮሪደር ውስጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የምግብ መሸጫዎቹ ሻጮች እንኳ ወደ መግቢያዎቹ ሄደው ሜዳውን ያያሉ። እየሮጥኩ ስሟን እጠራለሁ፤ የሕዝቡ ድምፅ ከላይ፣ ከኮንክሪቱ ውስጥ፣ ጣሪያውን እያርገበገበ ይመጣል። ሴት መጸዳጃ ቤት ገባሁ፤ የለችም። የሚቀጥለው፤ የለችም። ወደ ታችኛው ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ማየት አልቻልኩም አክስቴ፤ ከገባ ያልቃል፣ ወዲያው ያልቃል፣ ምንም ማድረግ አይችሉም» አለችኝ። ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቀው ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አብረን እንግባ፣ እጅሽን እይዛለሁ» እያልኳት ሳለ ከላይ ያለው ድምፅ ቆመ።

አርባ ሰባት ሺህ ሰው አንድ ላይ ዝም ሲል እንዲያ ነው። ከዚያ ከሩቅ፣ ከአንድ ጥግ፣ ጥቂት ሰዎች በደስታ ሲጮኹ ተሰማ። አሜሪካኖቹ። ሊንዚ ታርፕሊ በ109ኛው ደቂቃ አግብታ ነበር። አለቀ። ልጅቷ ደረቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ነገር ተከተለ፤ መጀመሪያ ዝናብ የመሰለ፣ እየበረታ የሄደ ጭብጨባ። ሮጠን ወጣን። ሕዝቡ በሙሉ ቆሟል። የካናዳ ልጆች ሣሩ ላይ ተኝተዋል፤ አርባ ሰባት ሺህ ሰው ግን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እያጨበጨበ ቆሞ አንድ በአንድ እስኪነሡ ጠበቃቸው። የእህቴ ልጅ እንባዋን ሳትጠርግ እሷም አጨበጨበች። ከዚያ ቀን በፊት ለተሸነፈች ሴት ልጅ አገር ሲቆምላት አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም።

ከሁላችን ጎሉን ያየችው እናቴ ብቻ ናት፤ በዕድሜዋ ሙሉ ኳስ ተመልክታ የማታውቀው እናቴ። ባቡር ስንጠብቅ እንድትነግረን ለመንናት። «እኔ ኳሱን አላየሁም፤ ልጆቹን ነው ያየሁት» አለች። «ሁሉም ቆመው ነበር። ከዚያ ግማሾቹ ሮጡ፣ ግማሾቹ ወደቁ። ያቺ በረኛዋ ተነሣች፤ ከሁሉም ቀድማ የተነሣችው እሷ ትመስለኛለች። እናቷ እዚህ ነበረች?» ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ተመልሳ እንኳ በስልክ ትጠይቀኝ ነበር፤ «ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» እያለች፣ የዘመድ ልጆች የሆኑ ያህል።

እኔም እነግራታለሁ። ሲንክሌር በዚያ ውድድር አሥር ጎል አግብታ የኮከብ ተጫዋችነቱንም የኮከብ ግብ አግቢነቱንም ሽልማት ወሰደች፤ ከዚያ እስከ 2023 ለአገሯ ተጫውታ 190 ጎል አስቆጠረች። በወንድም በሴትም ለብሔራዊ ቡድን ይህን ያህል ያገባ ሰው የለም። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ካናዳ ወርቅ ስትወስድ አምበሏ እሷ ነበረች። ማክሊዮድ ለብዙ ዓመት የአገሯን ጎል ጠበቀች። ታርፕሊ በ2004 አቴንስ ላይ በኦሎምፒክ ፍጻሜም አገባች፤ የገባባቸውም ብራዚሎች ናቸው፣ ማርታ ያለችበት። ካናዳ በዚያ እሁድ ዋንጫ አጣች፤ ቡድን ግን አገኘች። እነዚያ ልጆች አርባ ሰባት ሺህ ሰው ፊት ካልቆሙ፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ይህ ሥራ ሥራ መሆኑን በምን ያውቁ ነበር? ሻምፒዮናው «የልጆች» የሚባለው ለዚህ ነው መሆን ያለበት፤ ልጅቷ «ስታድጊ» እና «አደግሽ» ከሚሉት ጠባቦች መሀል ሳትጨፈለቅ የምትወጣበት በር ስለሆነ።

በ2014 ይኸው ውድድር ወደ ካናዳ ተመለሰ፤ ያኔ ከሃያ ዓመት በታች ሆኗል። የእህቴ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ቶሮንቶ ትሠራ ነበር። ናይጄሪያ አሲሳት ኦሾአላ በምትባል አጥቂ እየተመራች ለፍጻሜ ደረሰች፤ ሰሜን ኮሪያን በግማሽ ፍጻሜ ስድስት ለሁለት ስትረታ አራቱን ኦሾአላ ነበረች ያገባችው። ከአፍሪካ ይህን ዋንጫ የወሰደ አገር የለም። «አክስቴ፣ ያቺ ነርስ ትዝ ትልሻለች? ዕዳ አለብን» አለችኝ በስልክ። ቶሮንቶ በርሬ ሄድኩ፤ ሞንትሪያል ድረስ በመኪናዋ ልንሄድ።

መንገዱ እንደ ሐሳባችን አልሆነም። ኪንግስተን ሳንደርስ መኪናዋ ሙቀት ጨመረች፣ ከፊቷ ጭስ ወጣ። የመንገድ ጥግ ላይ ቆመን ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን፤ ውሃ ጨመርን፤ ጥቂት ሄደን ደግሞ ቆመች። ሜካኒኩ እሁድ አይሠራም። በመጨረሻ ከናይጄሪያ ደጋፊዎች ጋር ወደዚያው የሚሄድ ሚኒባስ አረንጓዴ ነጭ ባንዲራችንን አይቶ ቆመልን፤ መኪናዋን ነዳጅ ማደያ ግቢ ትተን ተሳፈርን። እስከ ሞንትሪያል ድረስ መዝሙር ነበር። ማንነታችንን ሲጠይቁን «ኢትዮጵያውያን» ስንላቸው ሾፌሩ «የእናንተ ልጆች የት አሉ?» አለን። የሚያሳፍር ጥያቄ አልነበረም፣ ከልቡ ነው የጠየቀው፤ መልሱ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ኦሎምፒክ ስታዲየም ስንገባ ጨዋታው ጀምሯል። ናይጄሪያዎቹ የሚያምር ኳስ ተጫወቱ፤ ዳኝነቴን ካመናችሁኝ ከጀርመኖቹ የተሻሉ ነበሩ። ዘጠናው ደቂቃ ባዶ ለባዶ አለቀ። ጭማሪው ሲጀመር ልጅቷ እጄን ያዘች፣ ሃያ አምስት ዓመቷ ሆኖም። ሌና ፔተርማን ለጀርመን አገባች። ሆኖም ይህን ጊዜ ወርቃማ ጎል የለም። ኳሱ መሀል ሜዳ ተመለሰ። ናይጄሪያዎቹ ተነሥተው ሮጡ፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ አጠቁ፤ አልሆነም፣ አንድ ለባዶ ተሸነፉ። ግን ሮጡ። ከጎል በኋላ የመሮጥ መብት ነበራቸው። ኦሾአላ የኮከብነቱን ሽልማት ስትወስድ ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እየጮኹ አለቀሱ። መኪናዋን ለማስጠገን ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ያ ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ፤ የእናንተ ልጆች የት አሉ?

አሉ። ይህን ማንም እንዳይሳሳት። በ2021 ዑጋንዳ ላይ በተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ከሃያ ዓመት በታች ዋንጫ ያነሡት የእኛ ልጆች ናቸው። በዚያው ወራት ለ2022 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታንዛኒያን ጥለው እስከ መጨረሻው ዙር ደረሱ፤ ኮስታ ሪካ ለመሄድ የቀራቸው ጋና ብቻ ነበረች፣ እዚያ ላይ ቀሩ። በ2022 ታንዛኒያ ለከአሥራ ሰባት ዓመት በታቹ የዓለም ዋንጫ ሕንድ ድረስ ሄዳ ሩብ ፍጻሜ ገባች። በ2024 ደግሞ የኬንያ ልጆች እኛን በማጣሪያ አሰናብተው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላይ ለዓለም ዋንጫ ቀረቡ። ከኬንያ፣ በወንድም ሆነ በሴት፣ ለፊፋ የዓለም ዋንጫ የደረሰ የመጀመሪያው ቡድን ያ ነው። ሩቅ አይደሉም ማለት ነው። አንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ማጣሪያ የተገናኘናቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። የዱራሜዋ ልጅ ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ በጎል ያንበሸበሸችውን ያየ ሰው እግሩ እንደሌለን አይነግረኝም። የጎደለው እነዚህን ልጆች በአሥራ አራት ዓመታቸው የሚያይ፣ በአሥራ አምስት የሚያጫውት፣ በአሥራ ስድስት ተሸንፈው ሲመለሱ ቆሞ የሚያጨበጭብላቸው ነው። ለአንድ ማጣሪያ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚበተን ቡድን ከዓመት ዓመት ዕውቀቱን ለማን ያስረክባል?

ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም። በ2020 ወረርሽኙ ሁለቱንም የሴት ወጣቶች የዓለም ዋንጫ አሰረዘ። ኦሎምፒክ በዓመቱ ተካሄደ፣ የወንዶቹ አውሮፓ ዋንጫም እንደዚያው። ለእነዚያ ልጆች ግን የሚተካ ዓመት አልነበረም፤ በዓመቱ ዕድሜያቸው አለፈ፣ ተራው የታናናሾቻቸው ሆነ። የእህቴ ልጅ አሁን ኤድመንተን ተመልሳ ከሥራ ውጪ ሴት ልጆች ታሠለጥናለች፤ ያን ዓመት ነው በስልክ ስታለቅስ የሰማኋት፣ ለማታውቃቸው ልጆች።

አሁን ሞሮኮ አለች። ፊፋ የሴቶቹን ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ በየዓመቱ አድርጎ፣ ቡድኖቹንም ወደ ሃያ አራት ከፍ አድርጎ፣ ከ2025 እስከ 2029 ሞሮኮ ላይ እንዲደረግ ወስኗል። አምስት ዓመት በተከታታይ፣ እዚሁ አፍሪካ። የእህቴ ልጅ ዜናውን እንደሰማች ደውላ ሒሳብ ጀመረች። ለ2029ኙ የምትደርሰው ልጅ የተወለደችው ከጥር 1 ቀን 2012 ወዲህ መሆን አለበት። እኔ የእናቴን የቀን መቁጠሪያ አመጣሁ፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2004 ይውላል። ከዚያ ቀን በፊት የተወለደችው አትደርስም፣ በማግሥቱ የተወለደችው ትደርሳለች።

ወንድሜ ጡረታ ወጥቶ ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ ያ ካታንጋ እየሄደ እኔን በር ላይ ትቶኝ የነበረው። ደወልንለትና በየትምህርት ቤቱ ሴት ልጆች ሲጫወቱ ሄዶ እንዲያይልን ለመንነው። አላቅማማም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያያል፤ ማታ ይደውላል፣ ማን እንዴት እንደተጫወተች፣ ሜዳው ምን ያህል ድንጋይ እንዳለው፣ የመጫወቻ ጫማ ያላት ስንት እንደሆነች ይዘረዝራል። የእህቴ ልጅ ትጽፋለች፤ ጫማውን በቁጥር በቁጥሩ አሰባስባ ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ትሰጣለች። በቅርቡ ስለ አንዲት በረኛ ደጋግሞ አወራን። ቁመቷ ገና ነው፣ እጇ ግን ኳስ አይለቅም አለ። «ልደቷ መቼ ነው?» አለችው የእህቴ ልጅ። ሳምንቱን ጠብቆ እናቷን ጠይቆ ደወለ።

«ጥር 2004» አለ። «ጥር አሥራ አንድ፣ ጥምቀት ዕለት።»

የእህቴ ልጅ መዝገቧ ላይ ጻፈችና የጓንት ቁጥሯን ጠየቀችው።